አንድ ጀሪካን ውሃና አንድ ሃይላንድ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናት ጥርስ ስናወራ ቆይተን ዛሬ መኪና አጠባ ውስጥ ስገባ «ሲስተርን ምን ነካት?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሡኝ። መኪና ማጠብ ከጤና ጋር ምን አገናኘው ለሚል ሰው መልሱ ወደ ታች ይመጣል። እኔም ራሴ የተማርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በገዛ ግቢዬ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ስለ ውሃው ላውራችሁ። ጅግጅጋ ያለን ሰዎች ውሃን የምንቆጥረው በሊትር ሳይሆን በጀሪካን ነው። ጥር ገብቶ ጎረቤቶቻችን ጂላል የሚሉት በጋ ሲጠና፣ ቧንቧው ሲመጣ እንደ እንግዳ ነው የምንቀበለው። ያጠራቀመ ያጠራቀመውን ይጠቀማል፣ ያላጠራቀመ ከቦቴ ወይም ከአህያ ጋሪ ይገዛል። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ወጣት ነርስ ሳለሁ ሐርትሼክ መጠለያ ጣቢያ ሠርቻለሁ። በ1980 ዓ.ም. መጨረሻ ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣው ሕዝብ የሰፈረበት፣ በኋላ በ1996 ዓ.ም. የተዘጋው ጣቢያ ነው። ውሃ በቦቴ ከሩቅ ይመጣ ነበር። በእርዳታ ሥራ መመዘኛ አንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለምግብና ለንጽሕና በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልገዋል ይባላል። ያን ሰልፍ ያየ ሰው፣ ላቫጆ ቤት ገብቶ የውሃ ጎማው መሬት ላይ ተጥሎ ዝም ብሎ ሲፈስ ሲያይ ሆዱ ይባባል። ተራ የግቢ ጎማ በደቂቃ ከ10 ሊትር በላይ ያፈሳል። ሩብ ሰዓት ተከፍቶ ከቆየ የአሥር ሰው የቀን ድርሻ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ ባለቤቴ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ መሪውም እጥበቱም የኔ ሲሆን፣ አሮጌዋን ኮሮላችንን በአንድ ጀሪካን ብቻ ልጠባት ወሰንኩ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ሳቁብኝ። አሁን ግን ሦስቱ እንደኔ ነው የሚያጥቡት።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ጊዜው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ የካራማራ ብርድ ሳይለቅ ነው፤ አለዚያም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ። ኮፈኑ በፀሐይ የጋለ መኪና ላይ ሳሙናው ሳታለቀልቁት ይደርቅና ነጭ ካርታ ይሥላል። ጀሪካኑን ለአራት እከፍላለሁ፤ 6 ሊትር ለመጀመሪያው ማርጠቢያ፣ 5 ሊትር ለሳሙናው ባልዲ፣ 5 ሊትር ጨርቅ ለማለቅለቂያ ባልዲ፣ የቀረችው 4 ሊትር ለመጨረሻው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያው ላይ ነው። ከቀብሪበያህ በኩል የሚነሣው አቧራ ዱቄት ይመስላል እንጂ የደቀቀ አሸዋ ነው። ደረቅ ጨርቅ ይዛችሁ «ልወልውለው» ካላችሁ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። ፀሐይ ሲወጣ ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የምታዩት ከዚህ የመጣ ነው። አቧራው በውሃ ብቻ፣ ሳይነካ፣ ከጣሪያው ወደ ታች መውረድ አለበት። ለዚህ የውሃ ጎማ አያስፈልግም። የሃይላንድ ክዳን በመርፌ ስምንት አሥር ቦታ ትበሱና ሃይላንዱን ሞልታችሁ ጨመቅ ስታደርጉት እንደ ካፊያ ይወርዳል። ይህን ዘዴ በራሴ ብልሃት ያገኘሁት መስሎኝ በጣም እኮራበት ነበር። ሃይላንዱን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ሳሙና። ኦሞ የምንለው የልብስ ዱቄት ሳሙና ለመኪና አይሆንም፤ ያልሟሟው ፍሬ ይጭራል፣ የሟሟው ደግሞ የቀለሙን አብረቅራቂ ሰም ይልጣል። የመኪና ሻምፖ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ ለስላሳ የእጅ ፈሳሽ ሳሙና፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለባልዲው ይበቃል። ጨርቁ ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ይሁን። መሬት ላይ የወደቀ ጨርቅ ተመልሶ ባልዲ ውስጥ አይገባም፤ እንዲህ ያለው ነገር ከኦፕሬሽን ክፍል የቀረ ልማድ ነው፣ ባለቤቴ ይቀልድብኛል።

ቁስል ስናጥብ የተማርነው አንድ ሕግ ነበር፤ ከንጹሑ ጀምረህ ወደ ቆሻሻው ሂድ እንጂ ከቆሻሻው ወደ ንጹሑ አትመለስ። መኪናም እንደዚያው ነው። ጣሪያ፣ መስታወቶች፣ ኮፈን፣ የበሮቹ የላይኛው ግማሽ፣ ከዚያ የታችኛው። ፓራፋንጎው ሥርና ጎማው መጨረሻ ናቸው፤ የራሳቸው ጨርቅም አላቸው። ሁለት ባልዲ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ጨርቁ ገላውን አንድ ሁለቴ ከዳሰሰ በኋላ በንጹሕ ውሃው ባልዲ ይታለባል፣ አሸዋው ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው ይሄዳል። በአንድ ባልዲ ያጠበ ሰው ያወረደውን አሸዋ መልሶ ይቀባዋል። የወፍ ኩስ ካለ አትፋቁት። እርጥብ ጨርቅ ደርባችሁበት ሻይ ጠጡ፤ ስትመለሱ በራሱ ይለቃል። ከሰነበተ ቀለሙን ይበላዋል።

ሞተሩ ላይ ውሃ አትርጩ። ደረቅ ብሩሽና ትንሽ ርጥበት ያለው ጨርቅ ይበቃዋል፤ ላቫጆ ቤት በግፊት ውሃ ታጥቦ አልነሣ ያለ መኪና በየሰፈሩ አለ። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ልጆቻችሁ የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው የሚመጡም አላችሁ። ቻርጅ ላይ ሆኖ አይታጠብ፣ መሰኪያውም ቦታ ላይ ውሃ አይረጭ። ባትሪው ራስ ላይ የሚያብበውን ነጭና አረንጓዴ ነገር በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ስታጥቡ ጓንትና መነጽር አድርጉ። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ መድኃኒቱ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ሳያቋርጡ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ማፍሰስ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም።

ለእጥበት ብላችሁ በርሜል ውስጥ ውሃ የምታጠራቅሙ ደግሞ ክዳን አይለየው። ስቴፈንሲ የሚባለው የወባ ትንኝ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በዚሁ ክልል፣ ቀብሪደሃር ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ኋላ ጅግጅጋም ድሬዳዋም ተገኝቷል። ይህኛው ረግረግ አይጠብቅም፤ ከተማ ውስጥ፣ ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ ይራባል። ግቢ ጥግ የጣላችሁት አሮጌ ጎማም ዝናብ ሲይዝ የትንኝ ማሳደጊያ ነው። «ወባ የቆላ በሽታ ነው፣ ጅግጅጋ ምን አለብን» የሚለውን የድሮ ትምህርታችንን እኔም ለመተው ጊዜ ወስዶብኛል።

አሁን ወደ ሃይላንዱ።

ወደ ሐረር ደርሰን ስንመለስ መንገድ ሲሠራ ትኩስ ሬንጅ ረግጠን ነበርና ፓራፋንጎው ሥር ጥቁር ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኖ ነበር። ሬንጅ በሳሙና አይለቅም። ከሰፈሩ መካኒክ ጥቂት ቤንዚን ለምኜ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ አመጣሁ፤ ሁለት ጣት አይሞላም። የልጅ ልጄ ያኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱ ለሥራ ስትሄድ እኔ ጋ ትተወዋለች፤ ቅዳሜ የመኪናዋም ቀን ነው። የሱ ሥራ በተበሳው ሃይላንድ ጎማውን ማጠጣት ነው፤ አንዴ ለጎማው፣ አንዴ ለራሱ አፍ። ንጹሕ ውሃ ስለሆነ እስቃለሁ እንጂ አልከለክለውም። ቤንዚኑን የኋላው ጎማ ጥግ አስቀመጥኩት። ስልክ ጠራ። ዘወር አልኩ።

የሰማሁት ልቅሶ አልነበረም፣ ሳል ነው። ሙያችሁ ከሆነ ሳል ከሳል ይለያል። ዘወር ስል ክዳን የሌለው ሃይላንድ በእጁ ነው፣ ደረቱ ርሷል፣ ሽታው እኔ ዘንድ ደርሷል።

እውነቱን ልንገራችሁ። ጣቴ ወደ ጉሮሮው ሊሄድ ነበር። ስንት እናቶችን «አታስታውኩ!» ብዬ የመከርኩ ሰው፣ አያት ስሆን እጄ ያወቀውን ረሳ። አፉ ድረስ ደርሼ ነው የመለስኩት።

ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ ናፍጣ፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ እነዚህ ሁሉ ከሌላው መርዝ የሚለዩበት ነገር አለ። ሆድ ውስጥ ገብተው ከሚያደርሱት ይልቅ ሳንባ ውስጥ ገብተው የሚያደርሱት ጉዳት ይከፋል። ቀጭን ስለሆኑ ሲዋጡም ሲታወኩም ሾልከው ወደ አየር ቧንቧ ይገባሉ። አንዲት ጉንጭ የሳንባ ምች ለማምጣት ትበቃለች። ልጁን ስታስታውኩት ሆዱ ውስጥ በሰላም የተቀመጠውን በሳንባው በራፍ ሁለተኛ ታሳልፉታላችሁ። ስለዚህ ጣት የለም፣ የጨው ውሃ የለም፣ ዘይት የለም። ልጁ ቀና ብሎ ይያዝ፣ የራሰው ልብሱ ይውለቅ፣ የነካው ቆዳ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ ሃይላንዱ ከነቀሪው ይያዝ (ሐኪሙ ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደጎደለ እንዲያይ)፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። ልጁ አሁን ምንም አልሆነም ብላችሁ ቤት አትቀሩ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ነው የሚመጣው።

ልብሱን እያወለቅሁ ጎረቤቴ መጣች። ልጆቹ አዬዮ ይሏታል፣ በሶማልኛ አያቴ እንደ ማለት ነው፤ የኔም የልጅ ልጅ እንደዚያ ነው የሚጠራት። ጩኸቴን ሰምታ ያን ጠዋት የተገዛውን የግመል ወተት ከነትንሿ ቢጫ ጀሪካኗ ይዛ ነው የደረሰችው። «አባዮ፣ ወተት ስጪው! መርዙን ያረክሰዋል!» አለች። እናቴም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለው፤ ጎንደርም ሐረርም ጅግጅጋም ወተት የመርዝ ማርከሻ ነው። ለዚህ ዓይነቱ መርዝ ግን ወተት ሆድ ሞልቶ ማስታወክን ይጠራል። ይህን በእርጋታ አላስረዳኋትም። «ተዪው! እንዳታስነኪው!» ብዬ ጮኽኩባት። በአሥራ አራት ዓመት ጉርብትና አንድ ቀን ጮኬባት አላውቅም። እሷ ግን አልተቀየመችም፣ ወይም ለመቀየም ጊዜ አልነበራትም። ልጁን ከእጄ ነጥቃ የኋላው ወንበር ላይ ገብታ ቀና አድርጋ ያዘችው። እኔ መሪውን ያዝኩ። ወተቱ በእግሮቿ መሃል ነበር፤ ሁለተኛው የፍጥነት መቀነሻ ላይ ተደፋ። ማንም ዞሮ አላየውም።

ሆስፒታል ስንደርስ ልጁ ይጫወት ነበር። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ግን ተኛ ብዬ ደረቱን ስቆጥር በደቂቃ 52 ይተነፍሳል። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ነው የምንለው። (ይህን ቁጥር ጻፉልኝ። ልጁ ጸጥ ባለበት፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ፣ በሰዓት ቁጠሩ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥራችሁ በሁለት አታባዙ።) ትኩሳትም ያዘው። ኦክስጅን ተደረገለት፤ ሁለት ሌሊት አደርን። በሦስተኛው ቀን ሳሉ ቀለል ብሎ፣ ምግብ ጠይቆ ወጣ።

ከሁሉም በላይ የቀረብኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ተረኛዋ ነርስ ካርዱን እየሞላች፣ ዓይኗን ሳታነሣ «በምን ዕቃ ነበር የተቀመጠው?» አለችኝ። «በሃይላንድ» አልኩ። ምንም አላለችም፣ ጻፈች። ያን ጥያቄ እኔ ለስንት እናት እንደጠየቅሁት፣ በምን ዓይነት ድምፅ እንደጠየቅሁት፣ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ። «እንዴት በሃይላንድ ታስቀምጪያለሽ?» ያልኳት አንዲት ወጣት እናት ነበረች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ የሄደች። የት እንዳለች አላውቅም።

በየቤታችን እኮ ሁሉም ነገር ሃይላንድ ውስጥ ነው። በረኪና ከሱቅ በሃይላንድ ይቀዳል፣ ነጭ ጋዝ በሃይላንድ፣ ቤንዚን ለባጃጅ መንገድ ዳር በሃይላንድ፣ ውሃም በሃይላንድ። ማንበብ ለማይችል ልጅ ሁሉም ውሃ ነው። እኔ ደግሞ ብሼ፣ ሞልቼ፣ ከሃይላንድ ወደ አፍ መርጨትን እንደ ጨዋታ አስተማርኩት። ሬንጁን ለማስለቀቅ ቤንዚን እንደማያስፈልግም ያወቅሁት በኋላ ነው፤ የምግብ ዘይት በጨርቅ ትቀቡትና አሥር ደቂቃ ትተዉታላችሁ፣ ይለሰልሳል፣ ይጠረጋል። ካልለቀቀም ይድገሙት። የመጨረሻው ሬንጅ የለቀቀው በሦስተኛው ቀን ነው፣ ምንም አልጎዳንም።

መኪናዋን የከፈትኳት ከሆስፒታል በተመለስን ማግስት ነው። የግመል ወተት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ምን እንደሚሆን ለጅግጅጋ ሰው አላብራራም። እዚህም ከሥራ የቀረ ዕውቀት ጠቀመኝ። ደም የነካው አንሶላ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚገባው፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያበስለውና ክሩ ላይ ይጋግረዋል። ወተትም እንደዚያው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በጨርቅ፣ ሳትፈገፍጉ እየተጫናችሁ፤ ከዚያ የሳሙና ውሃ፤ ከዚያ እንደገና ቀዝቃዛ ውሃ፤ በደረቅ ፎጣ ቁማችሁበት እስኪመጠጥ። እርጥበቱ ሲቀንስ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ አሳድሩትና ጠዋት በብሩሽ አራግፉት። እኔ ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ፣ ወተቱ ስፖንጁ ውስጥ ሠርጎ ነበርና። በሮቹ ተከፍተው፣ ጥላ ላይ።

በረኪና ለወንበር ጨርቅ አይሆንም፣ ቀለሙን ያነጣዋል። ምጥ የያዛት እናት ይዛችሁ ሄዳችሁ ደም የነካው ፕላስቲክ ወይም ብረት ካለ ግን ጓንት አድርጋችሁ ደሙን ከጠረጋችሁ በኋላ፣ ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ቀቡት፤ አሥር ደቂቃ ቆይቶ በውሃ ይታጠብ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል የለም። የሚወጣው ጋዝ ግቢ ውስጥም ያንቃል፣ መኪና ውስጥማ አታንሡት።

ይህን ስሠራ አዬዮ ደብቃዷን ፍም ሞልታ፣ ኡንሲ ነስንሳ፣ መኪናዋን ላጥንልሽ ብላ መጣች። የጮኽኩባትን የምክስበት ቀን ነበርና እምቢ ማለት ከበደኝ። ግን የልጁ ቤንዚን የነካው ልብስ ወንበሩ ሥር ወድቆ ነበር፣ ሽታውም አልለቀቀም። ቤንዚን ባለበት ፍም አይገባም አልኳት፣ አሁን በቀስታ። ልብሱን ራሷ አውጥታ ሸተተችና ራሷን ነቀነቀች። ወንበሩ ከደረቀና ሽታው ከጠፋ በኋላ፣ ከአንድ ሳምንት በላይ ቆይታ፣ አጠነችልኝ። ያን ቀን ስለ ወተቱም ነገርኳት። «ለእባብስ?» አለችኝ። ለእባብም አይሆንም ብዬ ሌላ ክርክር ጀመርን።

ምራቴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ለአራት ቅዳሜ ግን ልጁን አላመጣችውም። ልጄ «ሥራ በዝቶባት ነው» ይለኛል፤ እኔም «ይሁን» እላለሁ። በእነዚያ አራት ቅዳሜዎች መኪናዋን አላጠብኳትም። ይልቅ ግቢውን ዞርኩ። ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ሰባት ሃይላንድ ነበር፤ አንዱ ውስጥ ምን እንዳለ ባለቤቴም እኔም አላወቅንም። የሞተር ዘይቱ በራሱ ቆርቆሮ፣ በረኪናው በራሱ ዕቃ፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ከቁመቴ በላይ ወጡ። ለልጁ ማርጠቢያ አበባ ማጠጫ ቀይ ቆርቆሮ ከገበያ ገዛሁ። እሱ ግን አይወደውም፣ ይከብደዋል።

በአምስተኛው ቅዳሜ መጡ። ልጁ እንደገባ «ሃይላንዴስ?» አለ። ዝም አልኩ። ምራቴ ቦርሳዋን አስቀምጣ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ሳጥኑን ነካ አድርጋ ቁልፉን ሞከረች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ባዶ ሃይላንድ አመጣች፤ ከማሰሮው ውሃ ሞላችው፤ አፏን አስጠግታ አሸተተችው፤ የተበሳውን ክዳን ከእጄ ተቀብላ ገጠመችውና ለልጁ ሰጠችው።